23 ዓመት፣ አንድ የሊግ ዋንጫ፦ የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት ለዲላ ደጋፊ ምን ይነግረዋል?

ዛሬ ስለ አንድ ትልቅ ሰው እናወጋችኋለን። ሰውየው የዲላ ልጅ አይደሉም፤ ለዲላ ቡድንም ተጫውተው አያውቁም። ካረፉም ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ግን በዚህ ሰሞን ለኛ ከተማ የሚሆን ታሪክ ስንፈልግ ከእሳቸው የተሻለ አላገኘንም።

ምክንያታችን ይሄ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌ የእንግሊዝ ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች ጢም ብለው ይሞላሉ። ልጁ የአርሰናል ማልያ፣ ወንድሙ የማንቸስተር ማልያ ለብሶ ይከራከራል። ደስ ይላል፣ አንጠላም፤ እኛም ከመሃላቸው አለን። ችግሩ የራሳችን ቡድን ሲሸነፍ ነው። አንድ ሁለት ጨዋታ ሲበላሽ ሜዳው ጭር ይላል። ሲያሸንፉ ልጆቻችን የነበሩት፣ ሲሸነፉ እነ እንትና ይሆናሉ። በሴቶች ፕሪምየር ሊግ የዞናችንን ስም ተሸክመው የተጫወቱት የጌዴኦ ዲላ እህቶቻችንም፣ በታችኛው ሊግ የለፉት የዲላ ከተማ ልጆችም ይህን ያውቁታል። የሊጉ ትልቅ ዋንጫ ዲላ ገብቶ አያውቅም። ታዲያ ዋንጫ የሌለው ቡድን ለምን ይደገፋል? እሺ፣ ጥያቄውን ያዙልንና ወደ ጋሽ ይድነቃቸው እንሂድ። ዓመቶቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው።

የቡና አገር ልጅ

ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ነው። በዕንቁጣጣሽ፣ ያውም በቡና አገር። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ፣ ገጣሚና አንጎራጓሪ የነበሩት ታዋቂ ሰው። ልጅ ይድነቃቸው አዲስ አበባ መጥተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰውየው የአራዳ ተወላጅ አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚጠሩበት ክለብ ግን የአራዳ ክለብ ሆነ። ሰው የተወለደበትን አይመርጥም፤ ሙጥኝ የሚለውን ግን ይመርጣል። ዲላም እኮ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት፣ በሞያሌ መንገድ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። የዲላን ቡድን ለመውደድ ዲላ መወለድ ግዴታ አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች አራዳ ላይ አንድ የኳስ ቡድን መሠረቱ። ስሙን ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ጊዜው የጣሊያን ጦር ድንበር ጥሶ የገባበት፣ አገር የተጨነቀበት ነበር። ይድነቃቸው ያኔ ዕድሜያቸው 14። ቡድኑን ተቀላቀሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ክለብ የለም። በቃ፣ አንድ ክለብ ብቻ፣ ለ23 ዓመት።

ዛሬ ጊዮርጊስ ሲባል ትዝ የሚለን በኢትዮጵያ ከማንም በላይ ዋንጫ የሰበሰበ ትልቅ ክለብ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ አንባቢ ጊዮርጊስን መደገፍማ ምን ይከብዳል ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም።

ስሙን የተቀማ ቡድን

ቡድኑ በተመሠረተ በወራት ውስጥ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶቹ በስፖርትም ዘር ለዩ፤ ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር ይጫወት ተባለ። የኢትዮጵያውያን ቡድኖች ስማቸው ተቀየረ። ጊዮርጊስም ስሙን ተቀምቶ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ።

እስቲ አስቡት። በስምህ እንዳትጠራ ተደርገህ፣ በገዛ ከተማህ ዝቅተኛ ዘር ነህ ተብለህ፣ ሜዳ ገብተህ ኳስ ትመታለህ። ይሄ ከሽንፈትም ይከፋል። በሽንፈት የሚሄደው ነጥብ ነው፤ እዚህ የተወሰደው ስም ነው። ወጣቱ ይድነቃቸው በዚህ ሁሉ ውስጥ ነው ያደጉት። በኋላ ዘመን የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ሲነሳ ለምን እንደዚያ እንደሚቆጡ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው። ዘረኝነትን ያወቁት በመጽሐፍ ሳይሆን በሜዳ ላይ ነው።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነፃ ወጣች። ቡድኑም ስሙን መለሰ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሊግ ውድድር አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። ተሳታፊዎቹን ስሟቸው፦ የጣሊያን ኮሚዩኒቲ ቡድን ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ እና ጊዮርጊስ። የኢትዮጵያውያን ቡድን እሱ ብቻ ነበር። ዋንጫውን ማን ወሰደ? እንግሊዞቹ።

አዎ፣ የአገሩ ብቸኛ ቡድን በገዛ አገሩ የመጀመሪያ ሊግ ዋንጫውን አጣ። በመዝገብ እንደሰፈረው ከዚያ በኋላም ቀይ ባሕር ሻምፒዮን ሆነ፣ ቀጥሎም የጦሩ ቡድን መቻል። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከተመሠረተ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የ14 ዓመት ልጅ ሆነው የገቡት ይድነቃቸው የ28 ዓመት ጎልማሳ ሆነዋል።

ከዚያስ? ከዚያማ ዘመኑ የመቻል ሆነ፤ ጦሩ ዋንጫውን ደጋግሞ ወሰደ። ቀጥሎ የኤርትራ ቡድኖች መጡ፤ ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይ። የጥሎ ማለፉን ነገር ለጊዜው እንተወውና፣ ጊዮርጊስ ሁለተኛ የሊግ ዋንጫውን ለማየት እስከ 1958 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ጋሽ ይድነቃቸው ጫማ የሰቀሉት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ 23 ዓመት፣ አንድ የሊግ ዋንጫ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ቁጥር እዩ። በስፖርት መዛግብት እንደሚነበበው ለጊዮርጊስ 365 ጨዋታ ተጫውተው 318 ጎል አግብተዋል። ለብሔራዊ ቡድን ደግሞ 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ይህን ያህል ጎል የሚያገባ አጥቂ ዋንጫ ወዳለበት ልሂድ ቢል ማን ይከለክለዋል? እሳቸው ግን ከጊዮርጊስ ማልያ ሌላ የክለብ ማልያ አልለበሱም።

ታማኝነት ሥራ ነው

ብዙዎቻችን ታማኝነት ሲባል የሚታየን ዝናብ እየደበደበው ትሪቡን ላይ የሚጨፍር ሰው ነው። እሱም አለበት። የጋሽ ይድነቃቸው ታማኝነት ግን ከዚህ ያልፋል። ሰውየው ኳስ እየተጫወቱ ኳሱን የሚመራውን ቤት አብረው ገነቡ። ከነፃነት በኋላ የአገሪቱ ስፖርት መልክ እንዲይዝ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊም ሆነው ሠርተዋል። ዳኛ የሚመደብበት፣ ፕሮግራም የሚወጣበት፣ ሕግ የሚጻፍበት ሥራ ነው። ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ።

ዛሬ ቡድናችን ሲሸነፍ አሠልጣኙ ይባረር እንላለን፤ ከዚያ ወደ ቤታችን። ማን ቢሮ ገብቶ ወረቀት ይሠራል? ማን የሕፃናት ቡድን ይይዛል? ማን የጉዞ ገንዘብ ያሰባስባል? እዚህ ላይ ጭብጨባው ያቆማል። የጋሽ ይድነቃቸው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሽንፈቱን እንደ ዕጣ ፈንታ አልተቀበሉትም፤ እንደ ያልተሠራ ሥራ ነው ያዩት።

አራት ለዜሮ፣ አራት ለዜሮ፣ አራት ለሁለት

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሊመሠርቱ ተሰበሰቡ። ለኢትዮጵያ ከተገኙት አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም አለች፤ ከውድድሩ ወጣች። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች።

ከዚያ ግብፅ መጣች። አራት ለዜሮ። አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። በታሪክ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የኛ አገር የተሸነፈችው እንዲህ ነው።

በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ሁለተኛው ውድድር ተደረገ። ግብፅ እንደገና አራት ለዜሮ። ሱዳንም አንድ ለዜሮ አሸነፈችን። ሁለት የአፍሪካ ዋንጫ፣ ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ገብቶብን እኛ አንድም አላገባንም። እንዲህ ያለ ቡድን ዛሬ ቢኖረን ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስተኛው ውድድር በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሆነ። ቡድኑን በአሠልጣኝነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። መጀመሪያ ቱኒዚያ፣ አራት ለሁለት። ከዚያ ጥር 13 ቀን ፍጻሜው፣ ከማን ጋር ቢባል ከዚያችው ከግብፅ ጋር። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለት ጊዜም የኛ ልጆች አቻ አደረጉ። ግርማ ተክሌ አንድ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አንድ። የሉቺያኖ ጎል የገባችው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አከሉ። አራት ለሁለት። ዋንጫውን አምበሉ ከንጉሡ እጅ ተቀበለ።

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው ያኔ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ በ1949 እና በ1951 ቡድኑን ትቶት የሄደ ሰው በ1954 የደስታው ባለቤት ሊሆን አይችልም። ቲኬት ገዝቶ ስታዲየም ሊገባ ይችላል። ግን የደስታው ጥልቀት ሌላ ነው። አራት ለዜሮውን የቀመሰ ሰው ብቻ ነው አራት ለሁለቱን የሚያጣጥመው።

ትልቅ ወንበር፣ ያው ሰው

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው ወንበር ቆዩ።

ይህ ታሪክ ከዲላ ይርቃል አትበሉ። ያው የተሸናፊ ወገን ታማኝነት ነው፤ ሜዳው ብቻ ሰፋ። ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላ አንድ ቦታ ብቻ ሰጠ። ከ16 ቡድን አንድ! አፍሪካውያን እንግዲያስ አንጫወትም ብለው ከማጣሪያው ወጡ። ከዚያ ትግል ፊት መሪዎች መካከል ጋሽ ይድነቃቸው ነበሩ። በ1962ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1974 ቦታው ሁለት ሆነ።

የደቡብ አፍሪካም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የዘር መለያየት አገዛዝ እስካለ ድረስ ከዓለም ኳስ ትውጣ ብለው ዓመታት ታገሉ። ብዙ ጊዜ ድምፅ አጡ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ተድበሰበሰ። ሐምሌ 1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አባረረ። በልጅነቱ የቡድኑን ስም በዘረኞች የተቀማ ሰው ያቺን ቀን እንዴት እንዳያት መገመት አያቅትም።

በዚያው በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ተዘጋጀ። የአህጉሩ ኳስ አለቃ ኢትዮጵያዊ፣ አዘጋጁም አገሩ። የኛ ቡድን ግን ዩጋንዳን አሸንፎ፣ በጊኒ ተሸንፎ፣ ከግብፅ አቻ ወጥቶ ከምድቡ ቀረ። የእሳቸው ፕሬዝዳንትነት ለአገራቸው አንዲት ነጥብ አልጨመረችም። በእኛ አገር ወንበር ያለው ሰው ለወገኑ ምን እንደሚያደርግ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቡድንህን መውደድ ማለት ዋንጫ መስረቅ አይደለም።

ጋሽ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። 66ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ የቀራቸው ሦስት ሳምንት ገደማ ነበር። በሕይወት ሳሉ ብሔራዊ ቡድናችን ለመጨረሻ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ የገባው በ1974 ዓ.ም. ነው። ከዚያ 31 ዓመት ሙሉ ጠፋን። የተመለስነው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ የትም አይደለም፣ ደቡብ አፍሪካ። የዘር አገዛዙ ወድቆ፣ አገሩ ነፃ ወጥቶ ነበር። ኔልስፕሪት ላይ ከዛምቢያ ጋር አንድ እኩል ስንወጣ፣ አዳነ ግርማ ያቺን ጎል ሲያገባ፣ ትሪቡኑ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሶ ነበር። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ አራት ለዜሮ፣ በናይጄሪያ ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። ያ ሕዝብ ግን ቡድኔ ብሎ መጥቶ፣ ቡድኔ ብሎ ነው የተመለሰው።

ወደ ዲላ ስንመለስ

መጀመሪያ ያስያዝናችሁ ጥያቄ ነበር፦ ዋንጫ የሌለው ቡድን ለምን ይደገፋል?

የኛ አገር ገበሬ መልሱን ያውቀዋል። ቡና ተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል። ዋጋ የወደቀ ዓመት አለ፣ ፍሬ የከዳ ዓመት አለ። በአንድ መጥፎ ዓመት ቡናውን ነቅሎ የሚጥል ጌዴኦ የለም። ከእንሰቱና ከጥላ ዛፉ ጋር አብሮ ይንከባከበዋል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ዩኔስኮ የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እኮ የዚህ ትዕግሥት ውጤት ነው። ለቡና ያለን ትዕግሥት ለልጆቻችን የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ልብ በሉ፣ ዝም በሉ እያልን አይደለም። ታማኝነትና ዝምታ አንድ አይደሉም። የክለቡ ገንዘብ የት እንደገባ መጠየቅ፣ ተጫዋች ደመወዙ በሰዓቱ እንዲከፈለው መጮኽ፣ ምልመላው በትውውቅ እንዳይሆን መከታተል የደጋፊ ሥራ ነው። በባህላችን ጉዳይ ሲኖር ሶንጎ ላይ ተቀምጦ ይመከራል። የሚወቅስ ሰው ግን ከቤቱ ሳይወጣ የሚወቅስ ነው። ሜዳ ሳይገባ ስልኩ ላይ ሆኖ የሚሳደበው ሌላ ነው።

የአርሰናል ማልያችሁን አውልቁ አንልም። አርሰናል ግን እኛ ብንቀር አይጎድልበትም። የዲላ ቡድን ይጎድልበታል። ሰው ያጣ ቡድን ገንዘብ ያጣል፣ ገንዘብ ያጣ ቡድን ይፈርሳል። ሲፈርስ ደግሞ ኳስ የያዘችው የወናጎ ልጅ፣ በባዶ እግሩ የሚሮጠው የኮቸሬ ልጅ ነገ የሚሄዱበት ቦታ አይኖራቸውም። ጊዮርጊስም በ1930ዎቹ ሰው ቢያጣ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ አይኖርም ነበር። ዋንጫ በሌለበት ጊዜ የቆሙ ሰዎች ናቸው ዋንጫው ለሚመጣበት ዘመን ቡድኑን ያቆዩት።

እንግዲህ የሚቀጥለው የሜዳችን ጨዋታ ሲደርስ ቀኑንና ሰዓቱን እዚሁ እናሳውቃለን። አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ። ብንሸነፍም አብረን ነው የምንወጣው።

ቸር ይግጠመን!